ቀይ መኪና ያልመጣበት ቤት

ሳን ኢሲድሮ፣ ካልዳስ፣ ኮሎምቢያ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ውድ ጊልዳርዶ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሬዲዮውን ካመንኩ ልብህ ተሰብሯል፣ ጉበትህ አልቋል፣ ልትሞትም አንድ ሐሙስ ቀርቶሃል። እናትህ ግን ባለፈው ሳምንት በስልክ ስታወሩ ኪሎ ጨምሬ ሱሪዬን አሰፋሁ ብለሃቸዋል አሉ። ሁለቱ ወሬ ባይገጥምም የሱሪውን አምኜ ደስ ብሎኛል። እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው ጤነኛ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ይጥላል። ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ስለወጣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለነው እኔና ድመቷ ብቻ ነን፤ ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ በመንግሥት ሰዓት፣ በመንግሥት ወረቀት ነው። ድመቷ አትናገርም።

ዋናው ወሬ ይኸውልህ። ልጅህ ዬሴንያ ልታገባ ነው። ቀኑ ከዲሴምበሩ የሻማ በዓል በፊት ያለው ቅዳሜ ነው። ሙሽራው ዊልማር ነው፤ የከብት ሐኪሙ፣ የሥጋ ሻጩ የዶን አርኑልፎ ልጅ። አባት ያርዳል፣ ልጅ ያክማል፤ የከተማችን ከብቶች በየትኛው በር እንደሚገቡ መጠንቀቅ አለባቸው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ዬሴንያን ሲያይ ነገር ይጠፋበታል፣ መጽሐፍ ተውሶ በሰዓቱ ይመልሳል። ከዚህ በላይ ከወንድ ልጅ አልጠብቅም።

ዬሴንያ ወዲያው ልትደውልልህ ነበር። «መጀመሪያ እኔ ልጻፍለት» ብዬ አስቆምኳት። እሑድ ዕለት የሆነውን ነገር ከኔ እንድትሰማው ፈልጌ ነው። መቼም በስልክ የተቀረጸው ነገር ደርሶህ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የፊቴ መቅላት ከአረቄው መሆኑን ከወዲሁ እወቅልኝ።

እሑድን ከመንገሬ በፊት ግን የዘፈኑን ነገር ላንሳ። ታሪኩን ከኔ የበለጠ የምታውቀው ይመስልሃል፤ በኔ በኩል ቆመህ ግን ሰምተኸው አታውቅም።

የዛሬ ዐሥር ዓመት ግድም አንድ ቀን ምሳ እየሠራሁ ሬዲዮ ከፈትኩ። አንተ ትዘፍናለህ፦

ቀይ መኪና መጥቶ ደጃፌ ቆመና፣
እሷን ጭኖ ሄደ አቧራ ተወና፤
ቅጂልኝ አረቄ ጠርሙሱም ይምጣና፣
ዛሬን ብቻ ልርሳት ነገ ይመጣና።

ሽንኩርቱን አስቀምጬ መኪናውን ለማየት ወደ በሩ ሄድኩ። የጎረቤት አህያ ብቻ ነበረች። አንተ ቤት ስትገባ «‹ይምጣና›ን ከ‹ይመጣና› ጋር ማጋጠም ስንፍና ነው» አልኩህ። «ሰካራም ቤት መምታቱን አያጣራም» ብለህ ሁለት ሳህን ቦሎቄ በላህ። እኔም ነገሩን በዚያው ተውኩት፤ ዘፈኑን በልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከተማው ግን በታሪክ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ይህን እኔ፣ አንተና እናትህ ብቻ ነን በደንብ የምናውቀው፦ አገሩን ሁሉ በአረቄ ያስለቀስከው አንተ አረቄ አይስማማህም። አንዲት መለኪያ ከቀመስክ ገላህ ጉንዳን እንደወረረው ያብጣል። መድረክ ላይ አንገቱን አንቀህ የምታለቅስበትን ጠርሙስ የጉድጓድ ውሃ የምሞላልህ እኔ ነበርኩ። ተከዳሁ እያልክ በየመንደሩ ስትዞር ሸሚዝህን የምተኩስልህም የከዳሁህ እኔው ነበርኩ። ሕዝቡ ግን ዘፋኙ የዘፈነውን ኖሮታል ብሎ ያምናል፤ ያላመነበትን ደግሞ አይሰማም። መጽሐፍ ሊዋሱ መጥተው ከእጄ እየተቀበሉ «ምስኪን ጊልዳርዶ!» ይሉኛል። ዶን አርኑልፎ ጎድን ስጠይቃቸው አጥንት መዝነው ይሰጡኛል፤ ሲመዝኑም ያንተን ዘፈን ያንጎራጉራሉ።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ነገር ለመንኩህ። ሬዲዮ ላይ ቀርበህ «መኪና አልነበረም» በል አልኩህ። አንዲት ዐረፍተ ነገር። «ምሳው ቤት የሚጠብቀው ሰው ሲያለቅስ ማን ይሰማዋል፣ ሩቢ?» አልከኝ። በነጋታው ሻንጣህን በሩ ላይ አገኘኸው። እኔ ወደ ውስጥ ትመልሰዋለህ ብዬ ነበር። አንተ ማድሪድ ወሰድከው። ዘፈኑም ግማሽ መንገድ ሄዶ ከእውነት ጋር ተገናኘ፤ ከዚህ ቤት በእርግጥ አንድ ሰው ሄዷል፣ ማን እንደሆነ ብቻ ተሳስቷል።

አሁን ወደ እሑድ እንምጣ።

ከቅዳሴ በኋላ ዶን አርኑልፎና ዊልማር ልጅ ሊጠይቁ መጡ። ዶን አርኑልፎ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ በእጃቸው ኬክ ይዘዋል። እናትህ ኬኩን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ሥጋ ሻጭ ኬክ ይዞ ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ሰውየው ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ዊልማር በክርኑ ነካ አደረጋቸው።

«አባዬ፣ ጀምር እንጂ።»

«ማንን ልጠይቅ?»

«ዶኛ ሩቢዬላን።»

«ልጅ የሚጠየቀው ከአባት ነው።»

«አባቷ እኮ ማድሪድ ነው።»

«አልፈርድበትም» አሉ ዶን አርኑልፎ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። «እኔም ብሆን አልቀመጥም ነበር።»

እናትህ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «አንተ አርኑልፎ! የሄደው እኮ የኔ ልጅ ነው። እሷማ ይኸው እዚህ ናት። ትናንት ጉልበቴን ያሸችኝ ማን መሰለህ፣ የመኪናው ሹፌር?»

«ዶኛ ኦርፊሊያ፣ እርስዎ አስታራቂ ልብ ስላለዎት ነው። ዘፈኑን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።»

እኔ ትዕግሥቴን ከኪሴ አወጣሁ። «ዶን አርኑልፎ፣ በየሳምንቱ ዓርብ መጽሐፍ የሚዋሱት ከማን ነው?»

«ከእርስዎ።»

«አንድም ዓርብ ቀርቼብዎት አውቃለሁ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ታዲያ ከሹፌሩ ጋር የሄድኩት መቼ ነው?»

አሰቡ። ከልባቸው አሰቡ፤ ይህን ልክድባቸው አልችልም። ከዚያ ቀና ብለው «ቅዳሜና እሑድ ሊሆን ይችላል» አሉ።

ዊልማር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዶን አርኑልፎ ግን ክፋት የለባቸውም፤ እምነት ነው ያላቸው። ልጅቷን እንደሚወዷት፣ ሠርጉንም እንደሚደግሱ፣ ብቻ በክብር ጠረጴዛው ላይ ያንን ሰው ካስለቀሰችው ሴት ጎን ተቀምጠው ጽዋ ማንሳት ኅሊናቸው እንደማይፈቅድ፣ እኔ ከዘመድ ጋር ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ብቀመጥ ግን ቅር እንደማይላቸው በትሕትና አስረዱን። ዬሴንያ ተነሳች። ጉንጯ ቀልቷል፤ ያንተን ቁጣ ነው የወረሰችው፣ ምስጋና ይግባህ።

«እናቴ መስኮት ስር የምትቀመጥበት ሠርግ የኔ ሠርግ አይደለም» አለች። «ዊልማር፣ ኬካችሁን ይዛችሁ ሂዱ።»

የኔ መስኮት ስር መቀመጥ ምንም አልነበረም፤ ከመስኮቱ ስር አደባባዩ ሁሉ ይታያል። የልጄ ሠርግ ግን በአንድ ግጥም ምክንያት፣ ያውም ቤቱ በደንብ ባልመታ ግጥም ምክንያት ሲፈርስ ማየት አልቻልኩም። ምን እንደምል ሳስብ እናትህ ቀደሙኝ።

«ተቀመጡ ሁላችሁም! በዘፈን የተከሰሰች ሴት በምስክር አትከራከርም። ዘፈን የሚመለሰው በዘፈን ነው። በኔ ጊዜ ስንቱን ወንድ በመልስ ዘፈን አንገቱን አስደፍተነዋል! አርኑልፎ፣ መልስ ሊሰጥ የተነሳን ሰው ቅዳና ስማ የሚለው ደንብ ቀርቷል እንዴ?»

«አልቀረም» አሉ ዶን አርኑልፎ፣ አሁን ባርኔጣቸውን እየደፉ። ደንብ ሲጠቀስ የማይነሳ ሥጋ ሻጭ የለም። «ከዘፈነች እሰማለሁ።»

«ዘፍኜ አላውቅም» አልኩ።

«እሱስ መቼ ጠጥቶ ያውቃል?» አሉኝ እናትህ በጆሮዬ።

እናም በቀን ብርሃን፣ እናትህን በዊልማር ክንድ አስደግፈን፣ ኬኩንም ይዘን፣ አደባባዩን አቋርጠን የኑቢያ መሸታ ቤት ገባን። የእሑድን ከሰዓት አትረሳውም። ለቃሚዎቹ ከየተራራው ወርደው፣ ጭቃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ቤቱን ሞልተውታል። ሦስቱ ጊታረኞች ማዕዘናቸው ላይ ናቸው። ሁሉም ተቃቅፎ «ሚስቴ ጥላኝ ሄደች!» ይላል፣ ሚስቶቻቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ከነሱ በላይ ጮኸው «ጥላኝ ሄደች!» ይላሉ። በዚህ አገር እንደዚያ ደስ ብሎት የሚያለቅስ ሕዝብ ይኖራል ብዬ መጽሐፍ ላይ ባነብ ኖሮ ደራሲው አጋኗል እል ነበር።

ዶን አርኑልፎ ያንተን ዘፈን አዘዙ። ሲዘፈን ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም። «እሷን ጭኖ ሄደ» ላይ ሲደርሱ ግማሹ ቤት ዞሮ አየኝ። ሲያልቅ እናትህ ምርኩዛቸውን አነሱ። «መልስ አለ!»

ኑቢያ መለኪያውን ጢም አድርጋ ሞልታ ሰጠችኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት፤ ዓይኔ ውስጥ መብራት በራ። ትልቁ ጊታረኛ ጎንበስ ብሎ «በየትኛው ድምፅ ልስጥዎት፣ ዶኛ?» አለኝ።

«በሱው ድምፅ ስጠኝ» አልኩት። «ለምጄዋለሁ።»

ከየት እንደመጣልኝ አትጠይቀኝ። ግጥም ሲያነቡ መኖር አንድ ቀን ይጠቅማል ማለት ነው። ባንተው ዜማ እንዲህ አልኩ፦

መኪናም አላየሁ ቆሜ ከደጃፌ፣
ቦሎቄዬን ጥጄ ጠበቅሁት አርፌ፤
መሄዴን ሰማሁት በሬዲዮ ወሬ፣
ምሳውም በርዶብኝ አለሁ እስከ ዛሬ።

«ቦሎቄዬን» ስል ኑቢያ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠች። «በሬዲዮ ወሬ» ስል ሳቅ ፈነዳ፤ አንድ ለቃሚ ከወንበሩ ወደቀ። የመጨረሻዋን ስል ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። አረቄው ነው፤ አልለመድኩትም።

«ይደገም!» አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ እኔ ዝም አልኩ፣ እነሱ ግን ቀጠሉ። ዐሥር ዓመት ሙሉ በጎሪጥ ያዩኝ ወንዶች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው «መሄዴን ሰማሁት በሬዲዮ ወሬ» እያሉ እንባቸውን ያፈሳሉ፤ ያው ባንተ ዘፈን ጊዜ በሚያለቅሱበት ደስታ፣ አንዲት ጠብታ ሳያጎድሉ። እኔ ሕዝቡ የፈረደብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሕዝቡ ሌላ የሚያለቅስበት አጥቶ ነው እንጂ ከማን ጋር ጠብ አለው?

ዶን አርኑልፎ ሰዎቹን እየገፉ ወደኔ መጡ። ጺማቸው ረጥቧል።

«ዶኛ ሩቢዬላ፣ የዚያን ቀን ምሳው ምን ነበር?»

«ቦሎቄ ከአሳማ ጎድን ጋር።»

«ጎድኑ የተገዛው ከማን ነው?»

«ከእርስዎ ነዋ።»

«ከኔ!» ወደ ቤቱ ዞሩ። «ሰማችሁ? የኔን ጎድን! የኔን ጎድን አብርዶ የሄደ ሰው!» ከዚያ በኋላ መናገር አቃታቸው፤ ኑቢያ በመሐረብ አበሰቻቸው። ሲረጋጉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ዶኛ ሩቢዬላ፣ ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ። በክብር ጠረጴዛውም ላይ ከጎኔ ይቀመጡልኝ።»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ፤ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ዬሴንያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ዊልማር ኬኩን ለለቃሚዎቹ ቆረሰ፣ እናትህ በዚያ ጉልበታቸው ከጊታረኛው ጋር ደነሱ። ዛሬም እንደተኙ ናቸው፤ «ዋጋ አለው» ይላሉ።

ስንወጣ ዶን አርኑልፎ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። «ግን ዶኛ፣ በኛው በሁለታችን ይቅር፤ ያ ቀይ መኪና የማን ነበር?»

«መኪና አልነበረም፣ ዶን አርኑልፎ።»

«እሺ፣ እሺ» አሉ ትከሻዬን እየመቱ። «ቀለሙ ሌላ ከነበረ ግን አንድ ቀን ይንገሩኝ።»

ኑቢያ ሁሉን ነገር በስልኳ ቀርጻው ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ከተማው በሙሉ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ ያንተ ፋቢያን፣ ሥራ የሚያስገኝልህ ሰው፣ ከማድሪድ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ደወለ። ባልና ሚስት መድረክ ላይ በዘፈን ቢጣሉ አዳራሽ አይበቃም፣ አውሮፕላን ልላክልዎ አለኝ። «ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ» አልኩት። ደግሞም ከባሌ ጋር ለመጣላት ትኬት አስቆርጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜም ቤቴ ነው የምጣላው።

ስለዚህ ነገሩን ለይተን እንነጋገር። ለፋቢያን ብለህ የምትመጣ ከሆነ እዚያው ሁን። እዚያ ደህና ሱሪ ሰፊ አለ። ለዬሴንያ ብለህ ከሆነ ግን ቶሎ ና። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክንዷን ይዘህ እንድታስገባት ትፈልጋለች፤ ይህን ለኔ አልነገረችኝም፣ ለእናትህ ነው የነገረቻቸው፤ እናትህ ደግሞ ምስጢር ሲነገራቸው ወዲያው ወደኔ ነው የሚመጡት። ከሚስቴ ጎን ቆሜ ፎቶ ከተነሳሁ ተከድቻለሁ ብዬ እንዴት እዘፍናለሁ ብለህ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። አትጨነቅ። ይህ ሕዝብ ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ስትበላ እያየ ነው መሄዴን ያመነው። በአንድ ፎቶ አይናወጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ከትከሻህ ላውርድልህ። ያቺን ሬዲዮ ላይ እንድትላት የለመንኩህን ዐረፍተ ነገር ከእንግዲህ አልፈልጋትም። ራሴው ብያታለሁ፣ ያውም በሦስት ጊታር ታጅባ። ይዣት መምጣት አለብኝ ብለህ እንዳትቀር። ባዶ እጅህን ና።

ሠርጉ ላይ ማዘፈናቸው አይቀርም፤ ዝፈንላቸው። ዶን አርኑልፎም ስለ መኪናው መጠየቃቸው አይቀርም። የፈለግኸውን ንገራቸው፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ ፊታቸውን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።

እናትህ ከሠርጉ አንድ ሳምንት ቀድመህ እንድትደርስ ይላሉ፤ ጉልበታቸው የሚሻለው ያኔ ነው አሉ፣ ከጉልበቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሐኪሙ ያውቃል። ዬሴንያ ጥቁር ልብስህን አንጠልጥላ አናፍሳዋለች። እኔ በበኩሌ ምንም የምፈልገው የለኝም። ቀድመህ ማወቅ ያለብህ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የእንግዳው ክፍል ጣሪያ ልክ አልጋው ላይ ያፈሳል። ትናንት ሠሪ መጥቶ አየውና «ሁለት የጣሪያ ሸክላ ነው፣ አሁኑኑ ላድርስልዎ» አለኝ። ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል ብዬ መለስኩት።

የተራራችን ድንግል መንገድህን ታቅናልህ፤ ጉሮሮህን ከማድሪድ ብርድ፣ ገላህን ከሰው ግብዣ ትጠብቅልህ። ስትሳፈር እናትህ ጋ ደውል፤ ለኔ ይነግሩኛል።

ሚስትህ፣
ሩቢዬላ